«ወንድ ነው ሴት?» ጾታን የመለየት ሥራ በሕክምና ታሪክ ውስጥ

በማዋለጃ ክፍል ከእናቲቱ ደኅንነት ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» የሚል ነው። አዋላጇ መልሱን የምትሰጠው በዐይኗ ብቻ አይታ በአንዲት ቅጽበት ነው። በቋንቋችን ይህ መልስ ሳይታወቅ ስለ ሕፃኑ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ መናገር ያስቸግራል፤ «ተወለደ» ወይም «ተወለደች» ማለት ግድ ነውና። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስለሚነሡ የጥምቀቱ ቀን ራሱ ከዚሁ መልስ ጋር የታሰረ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያለ ችግር ይገኛል። አልፎ አልፎ ግን አዋላጇ ዝም ትላለች፤ ሐኪም ይጠራል፤ ሐኪሙም መርምሮ ሲያበቃ እርሱም ዝም ይላል። ይህ ጽሑፍ ባለፉት 150 ዓመታት ሐኪሞች በዚያ ዝምታ ውስጥ ሆነው ምን እንደ ወሰኑና ውሳኔያቸው በታካሚዎቻቸው ላይ ምን እንዳስከተለ ለማስታወስ የታሰበ ነው። ዛሬ ተፈጥሯዊ ጾታ፣ የጾታ ማንነት፣ የጾታ አገላለጽ እያልን ለያይተን የምንጠራቸው ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች በአመዛኙ የተወለዱት ከፈላስፎች ጠረጴዛ ሳይሆን ከዚሁ ክፍል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ይገባል። ተፈጥሯዊ ጾታ ስንል ክሮሞሶሞችን፣ የመራቢያ ዕጢዎችን፣ ሆርሞኖችን፣ እንዲሁም የውስጥና የውጭ የመራቢያ አካላትን ማለታችን ነው። የጾታ ማንነት አንድ ሰው ራሱን በውስጡ ወንድ ወይም ሴት፣ ወይም ከሁለቱ ውጭ አድርጎ የሚያውቅበት ስሜት ነው። የጾታ አገላለጽ ደግሞ ሌሎች የሚያዩት ነው፤ ልብስ፣ የጠጉር አሠራር፣ አረማመድ፣ አነጋገር። ይህ ሦስተኛው እንደ ዘመኑና እንደ አገሩ ይለዋወጣል። ሹሩባ ዛሬ የሴት ጌጥ ተደርጎ ሲታሰብ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ሹሩባቸውን ተሠርተው ይዘምቱ ነበር፤ ወንድነታቸውን የተጠራጠረም አልነበረም።

አማርኛ ከእነዚህ ለሁለቱ የቆዩ ቃላት አሉት። «ሴታሴት» እና «ወንዳወንድ» አገላለጽን ይመለከታሉ፤ «ፍናፍንት» ደግሞ አካልን። በመካከል ላለው፣ ማለትም ለውስጣዊው ማንነት፣ የቆየ ቃል የለንም። «ፍናፍንት» በሰሚው ጆሮ ከምርመራ ውጤት ይልቅ ስድብ ስለሚመስል በታካሚ ካርድ ላይ ባይሰፍር ይመረጣል። «ጾታ» የሚለው ቃል ግን ከሁሉም ይልቅ ያስገርማል። በግእዝ ዓይነት፣ ወገን፣ ክፍል ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ «ጾታ ምእመናን» ስትል የአማኞችን ክፍሎች ማለቷ ነው። ሰዋስው ሊቃውንቱ ይህንኑ ቃል ለተባዕታይና ለአንስታይ ተጠቀሙበት። እንግሊዝኛው «ጀንደር» የመጣውም «ወገን፣ ዓይነት» ከሚል የላቲን ቃል ሲሆን፣ ወደ ሕክምና ከመግባቱ በፊት በይበልጥ የሚታወቀው በሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ ነበር። እንዴት ወደ ሕክምና እንደ ገባ ከታች እንመለስበታለን።

ታሪኩን በፈረንሳይ እንጀምር። በ1838 ሴን-ዣን-ዳንዤሊ በምትባል ከተማ አንድ ሕፃን ተወለደና ሴት ነው ተብሎ ኤርኩሊን አዴላይድ አሌክሲና ባርባን ተብሎ ተመዘገበ። ስለ እኚህ ሰው በአማርኛ ለሚጽፍ ግሡ ራሱ ፍርድ ይጠይቀዋል። ደግነቱ የአክብሮት አነጋገራችን ጾታ የለውምና በእርሱ እንጠቀማለን። ባርባን በመነኮሳዪያት ትምህርት ቤት ተምረው የሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት ሆኑ። የወር አበባ አላዩም፤ ጡታቸው አላደገም፤ ፊታቸው ላይ ጠጉር ይወጣ ጀመር። ከአንዲት የሥራ ባልደረባቸው ጋርም በፍቅር ተሳሰሩ። በ1860 ጭንቀታቸውን ለላ ሮሼል ጳጳስ በኑዛዜ ሲገልጹ ጳጳሱ ወደ ራሳቸው ሐኪም፣ ወደ ዶክተር ሼስኔ ላኳቸው። ሐኪሙ መርምረው ቆለጥ መኖሩን፣ ማኅፀን አለመኖሩን አረጋገጡና ባርባን ወንድ ናቸው አሉ። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት መዝገቡን አሻሻለ፤ ስማቸው አቤል ሆነ።

ምርመራው በዘመኑ ዕውቀት ስሕተት አልነበረበትም። ነገር ግን ሃያ አንድ ዓመት በሴቶች መካከል በሴትነት የኖሩ ሰው በአንድ ቀን ሥራቸውን፣ ጓደኞቻቸውን፣ ፍቅረኛቸውን አጥተው ወደ ፓሪስ ሄዱ። እዚያም ብቸኝነትና ሥራ ማጣት ተፈራረቁባቸው። በየካቲት 1868፣ ገና በ29 ዓመታቸው፣ ከፍም ምድጃ በሚወጣ ጭስ ራሳቸውን አጥፍተው ተገኙ። ቤታቸው የነበረበት መንገድ «የሕክምና ትምህርት ቤት ጎዳና» ይባላል። አስከሬናቸውን የመረመሩት ሐኪም በ1869 ዝርዝር ዘገባ አወጡ፤ በአልጋቸው አጠገብ የተገኘውን የሕይወት ታሪካቸውንም አምብሯዝ ታርዲዩ የተባሉት የታወቁ የሕግ ሕክምና ሊቅ ከፊሉን አሳተሙት። ስለ አካላቸው ከሞቱ በኋላ የተጻፈው በሕይወት ሳሉ ለስሜታቸው ከተሰጠው ጆሮ እጅግ ይበልጣል።

በ1876 ጀርመናዊው ፓቶሎጂስት ቴዎዶር ክሌብስ ሼስኔ በዘፈቀደ ያደረጉትን ሕግ አደረጉት። በክሌብስ አመዳደብ «እውነተኛ ፍናፍንት» የሚባለው የቆለጥም የእንቁላል ዕጢም ሕብረ ሕዋስ በአንድነት ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ «ሐሰተኛ» ሲሆን ጾታው በዕጢው ይወሰናል። በዘመኑ የሆድ ቀዶ ሕክምና አደገኛ ስለነበር ዕጢው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሞት በኋላ ነበር። ስለዚህ አንዲት ባለትዳር ሴት ለብሽሽት እብጠት ተከፍታ ቆለጥ ቢገኝባት ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ «ወንድ» ብሎ ይጽፍ ነበር። አንዳንዱ ሐኪም ለባልየውም ለሚስትየውም ሳይነግር ያልፋል፤ አንዳንዱ ተናግሮ ትዳር ያፈርሳል። በ1915 እንግሊዛዊው የማኅፀን ሐኪም ብሌር-ቤል ዕጢ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባም ብለው ቢጽፉም ልማዱ ቶሎ አልተለወጠም።

ሃያኛው መቶ ዓመት ከዕጢ ወደ ሕዋስ ወረደ። በ1905 ኔቲ ስቲቨንስ በጥንዚዛ ላይ ባደረጉት ጥናት ወንዱን የሚለየው አነስተኛ ክሮሞሶም መሆኑን አሳዩ። በ1949 ካናዳ ውስጥ መሪ ባርና ኢዋርት በርትራም በድመት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ በእንስቶች ብቻ የሚታይ ጥቁር ነጥብ አገኙ። በ1959 ፓትሪሺያ ጄከብስና ጆን ስትሮንግ የክላይንፌልተር ሕመምተኛ 47 ክሮሞሶም፣ ከእነዚህም ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ እንዳለው ሲያሳዩ፣ ቻርልስ ፎርድና ባልደረቦቻቸው በተርነር ሕመምተኛ ላይ አንድ ኤክስ ብቻ አገኙ። ወንድነት ከዋይ እንደሚመጣ ታወቀ ተባለ። ብዙ ሐኪሞች ጥያቄው ተዘጋ ብለው አሰቡ።

ጥያቄው ግን አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር። አልፍሬድ ዦስት በ1947 በጥንቸል ፅንሶች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ገና በማኅፀን ሳሉ ዕጢያቸው የወጣባቸው ሁሉ፣ ክሮሞሶማቸው ምንም ቢሆን፣ አካላቸው በእንስትነት መንገድ አደገ። በ1953 ደግሞ ጆን ሞሪስ ከሕክምና ጽሑፎች 82 ሰዎችን ሰብስበው አቀረቡ። እነዚህ ሰዎች ቆለጥ አላቸው፤ በኋላ እንደ ታወቀው ክሮሞሶማቸውም ኤክስ ዋይ ነው። ነገር ግን ሕዋሳቸው ለአንድሮጅን ምላሽ ስለማይሰጥ ጡታቸው አድጎ፣ የውጭ ብልታቸው የሴት ሆኖ፣ ራሳቸውንም ሴት ብለው የሚያውቁ ናቸው። በክሌብስ ሕግ ወንዶች ናቸው፤ በክሮሞሶም ሕግም ወንዶች ናቸው። አጠገባቸው የቆመ ሰው ግን ከሴት ሌላ ሊላቸው አይችልም፤ እነርሱም ራሳቸውን ሌላ አይሉም።

አሁን ወደ ባልቲሞር እንሂድ። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሎውሰን ዊልኪንስ የሕፃናት ኢንዶክሪኖሎጂን መሠረት የጣሉ ሐኪም ናቸው። በ1950 ኮርቲሶን የአድሬናል ዕጢ በትውልድ የሚያብጥባቸውን ሕፃናት እንደሚያክም አሳዩ። ይህ ሕመም ሁለት ኤክስ ያላት ሴት ልጅ ብልቷ የወንድ መስሎ እንድትወለድ ከሚያደርጉ ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ሕክምናው ሕይወት ስላተረፈ ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ የተረፈው ልጅ በየትኛው ጾታ ይደግ? ይህን እንዲያጠኑ ዊልኪንስ ጆን መኒ የተባሉ ኒውዚላንዳዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀጠሩ። መኒ ከጆአንና ከጆን ሃምፕሰን ጋር በ1955 ተከታታይ ጽሑፎችን አሳተሙ።

ከሰዋስው ተወስዶ «ጀንደር» የሚለው ቃል ወደ ሕክምና የገባው በእነዚህ ጽሑፎች ነው። መኒ «የጾታ ሚና» ያሉት አንድ ሰው ራሱን ወንድ ወይም ሴት አድርጎ ለማሳየት የሚናገረውንና የሚያደርገውን ሁሉ ነበር። በ1964 የሎስ አንጀለሱ የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ስቶለር ከሚታየው ሚና ውስጣዊውን ስሜት ነጥለው «የጾታ ማንነት» ብለው ሰየሙት፤ በ1968ም ስለ ልዩነቱ መጽሐፍ አወጡ። ሦስቱ ነገሮች ሦስት ስም ያገኙት እንዲህ ነው።

ስለ መኒ ዛሬ የሚጻፈው በአብዛኛው ወቀሳ ስለሆነ ለእርሳቸው የሚገባውን ማለት ፍትሕ ነው። የ1955ቱ ሐሳብ በአንድ ጾታ አድጎ በዚያው ጸንቶ የሚኖርን ሰው በቆለጡ ወይም በክሮሞሶሙ ምክንያት ብቻ ከሕይወቱ አታፈናቅሉት የሚል ነበር። ይህ ሐሳብ በ1860 ላ ሮሼል ውስጥ ቢታወቅ ኖሮ ዶክተር ሼስኔ ከብይናቸው በፊት ባርባንን አንድ ጥያቄ በጠየቁ ነበር። ችግሩ የመጣው መኒ ከዚህ ተነሥተው ወደ ሌላ በመሻገራቸው ነው። ሕፃን ሲወለድ በሥነ ልቦናው ገና ወንድም ሴትም አይደለም፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት በተሰጠው ጾታ ያለ ጥርጥር ካሳደጉት ያንኑ ይሆናል አሉ። ከዚህም ሦስት የአሠራር ልማዶች ወጡ። ቀዶ ሕክምናው በቶሎ ይደረግ፤ ወላጆች እንዳይጠራጠሩ ይነገራቸው፤ ልጁ እንዳያውቅ ይደበቅ። ቀዶ ሐኪሞችም የወንድ ብልት ከመሥራት የሴት መሥራት ይቀላል በማለት ብልታቸው እጅግ ትንሽ የሆነ ወንዶችን ሴት ማድረግ ጀመሩ። በ1965 ሚልተን ዳይመንድ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በጊኒ ፒግ ላይ የተደረገውን የ1959 ጥናት ጠቅሰው፣ በማኅፀን ያለ ሆርሞን አንጎልን እንደሚቀርጽ ተከራከሩ። ብዙ ሰሚ አላገኙም።

በዚያው በ1965 በካናዳ ዊኒፔግ ከተማ መንታ ወንዶች ተወለዱ፤ ብሩስና ብራያን ራይመር። በስምንተኛ ወራቸው ሽንት ሲሸኑ ስላስቸገራቸው እንዲገረዙ ተወሰነ። በ1966 ብሩስ ቀድሞ ገባ፤ በኤሌክትሪክ የሚያቃጥለው መሣሪያ ብልቱን ሙሉ በሙሉ አጠፋው። ብራያን ሳይገረዝ ቀረ፤ ችግሩም ያለ ሕክምና ለቀቀው። ተስፋ የቆረጡት ወላጆች መኒን በቴሌቪዥን አይተው ወደ ባልቲሞር ሄዱ። በ1967 ልጁ 22 ወር ሲሆነው ቆለጡ ወጣ፤ ስሙም ብሬንዳ ተባለ። ለመኒ ይህ ከዚያ በፊት ያልተገኘ ዕድል ነበር። ልጁ ሲወለድ ምንም የጾታ እክል የለበትም፤ ዘረ-መሉና የማኅፀን ዘመኑ አንድ የሆነ ወንድምም አጠገቡ ያድጋል። በ1972 በወጣው መጽሐፋቸው ሙከራው እንደ ተሳካ ጻፉ፤ ታሪኩም ወደ ሕክምናና ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት ገባ።

ዊኒፔግ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። ልጁ ቀሚስ ይቀድዳል፤ ቆሞ ይሸናል፤ የወንድሙን መጫወቻዎች ይነጥቃል፤ በትምህርት ቤት ማንም አይቀርበውም። በየዓመቱ ወደ ባልቲሞር የሚደረገው ጉዞ አስፈሪ ሆነበት። በ12 ዓመቱ ኤስትሮጅን ተጀመረለት፤ ጡት አወጣ፤ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምናን ግን እምቢ አለ። በ1980፣ በ14 ዓመቱ፣ አባቱ እውነቱን ነገሩት። ልጁ ወዲያው ወንድ ሆኖ ለመኖር ወሰነ፤ ስሙን ዴቪድ አለ፤ ቴስቶስተሮን ወሰደ፤ ጡቱን አስወጣ፤ በ1990ም የልጆች እናት የሆነች ሴት አግብቶ ልጆቿን እንደ አባት አሳደገ። ይህ ሁሉ ሲሆን መጽሐፎቹ ውስጥ ያለችው ብሬንዳ ደስተኛ ሴት ልጅ እንደ ሆነች ቀርታለች። መኒ ስለ ልጁ መጻፍ ቢያቆሙም ቀድሞ የጻፉትን አላረሙም። የሕክምና ጽሑፍ እንዲህ ባለ ዝምታም ሊዋሽ ይችላል።

ዳይመንድ ከዓመታት ፍለጋ በኋላ በዊኒፔግ ልጁን ይከታተሉ የነበሩትን የአእምሮ ሐኪም ኪት ሲግመንድሰንን አገኙ፤ ሁለቱም በ1997 እውነቱን አሳተሙ። ዴቪድም በ2000 በወጣ መጽሐፍ በራሱ ስም ታሪኩን ተናገረ። ወንድሙ ብራያን በ2002 ሞተ፤ ዴቪድ በግንቦት 2004 ራሱን አጠፋ፤ 38 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ አንድ ታሪክ ተነሥቶ ሁሉን በተቃራኒው መደምደምም ትክክል አይሆንም። በ1998 ካናዳውያን ሐኪሞች በተመሳሳይ አደጋ ብልቱን በሁለት ወሩ ያጣና በሰባት ወሩ ሴት ተደርጎ ያደገ ሌላ ሰው ዘግበዋል፤ ያቺ ሰው አድጋም በሴትነቷ ቀጥላለች። በ2004 ራይነርና ጊርሃርት ፊኛቸውና አንጀታቸው ከሆድ ውጭ ተገልጦ የተወለዱ፣ ክሮሞሶማቸው ኤክስ ዋይ የሆነ 16 ልጆችን ተከታትለው አሳተሙ። 14ቱ በሕፃንነታቸው ሴት ተደርገው ነበር። ከእነዚህ 8ቱ በጥናቱ ጊዜ ወንድ ነን ብለው ሲናገሩ ሌሎች በሴትነት ይኖሩ ነበር። ከአንድ ምርመራ፣ ከአንድ ቀዶ ሕክምና፣ ከአንድ ዓይነት አስተዳደግ የተለያየ ማንነት ወጣ።

በካሪቢያን ባሕር በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያለችው ሳሊናስ የምትባል መንደር ለዚህ ነገር ሌላ መስኮት ከፍታለች። በመንደሯ አንዳንድ ልጆች ሴት ተብለው ያድጉና በጉርምስና ጊዜ ድምፃቸው ይጎረንናል፤ ጡንቻቸው ይዳብራል፤ ብልታቸው ይረዝማል። በ1974 ጁሊያን ኢምፔራቶ-መጊንሊና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱ ቴስቶስተሮንን ወደ ጠንካራው ዳይሃይድሮቴስቶስተሮን የሚለውጠው ኢንዛይም፣ 5-አልፋ ሪዳክቴዝ፣ መጉደሉ መሆኑን አሳወቁ። በ1979 ባወጡት ጽሑፍ በሴትነት ካደጉት 18 ሰዎች 17ቱ በወንድ ማንነት፣ 16ቱ በወንድ ሚና መኖር መጀመራቸውን ዘገቡ። ለመኒ አስተምህሮ ከባድ ተቃውሞ ነበር። እርግጥ ነው፣ መንደርተኛው ለሁኔታው ስም አውጥቶለት ስለነበር ልጆቹ ያለ ጥርጥር በሴትነት አድገዋል ለማለት ያስቸግራል፤ ወንድ መሆን በዚያ መንደር የሚሰጠው ነፃነትም ቀላል አይደለም። የሆነ ሆኖ መንደሪቱ አንድም ቀዶ ሐኪም ሳይጠራ ለልጆቿ ጊዜ ሰጥታለች። ከዚሁ ጥናት የፕሮስቴት ዕጢ እብጠትን የሚያክመው ፊናስቴራይድ መገኘቱንም ዛሬ መድኃኒቱን የሚያዝዙ ባልደረቦቻችን ሁሉ የሚያውቁት አይመስለኝም።

ለውጡን ያስገደዱት በመጨረሻ ሐኪሞች ሳይሆኑ ታካሚዎች ናቸው። በሕፃንነታቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና መዝገባቸው የተደበቀባቸው ሰዎች አድገው መጠየቅ ጀመሩ። ከእነርሱ አንዷ ቼሪል ቼዝ በ1993 አሜሪካ ውስጥ ማኅበር አቋቋሙ። በጥቅምት 2005 የአሜሪካና የአውሮፓ የሕፃናት ኢንዶክሪኖሎጂ ማኅበራት በቺካጎ 50 ያህል ባለሙያዎችን ሰበሰቡ፤ የታካሚ ተወካዮችም ተገኙ። በ2006 የወጣው የጋራ ስምምነት «ፍናፍንት» የሚለውን ቃልና ዝርያዎቹን ከሕክምና አስወግዶ «የጾታ እድገት መዛባት» የሚል ስያሜ አመጣ። እያንዳንዱ ሕፃን በባለሙያዎች ቡድን ከተመረመረ በኋላ የሚያድግበት ጾታ ይሰጠው፤ በቀዶ ሕክምና ከመልክ ይልቅ ለአካሉ አሠራር ትኩረት ይሰጥ፤ ለወላጅም፣ ዕድሜው ሲደርስ ለልጁም ምንም አይደበቅ አለ። ቀዶ ሕክምናው መቼ ይደረግ የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልበረደም።

ይህ ስምምነት በአገራችን ማዋለጃ ክፍል ሲነበብ አንድ ነገር ሊቀድም ይገባል። ጾታው ያልታወቀ ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ የጾታ ጉዳይ አይደለም፤ የሶዲየምና የፖታሲየም ጉዳይ ነው። በብሽሽቱም በከረጢቱም ቆለጥ የማይዳሰስለት ሕፃን ሁሉ የአድሬናል ሕመም እንዳለበት ተቆጥሮ መታየት አለበት። ጨው የሚያባክነው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በትውከትና በድርቀት ይገድላል። ይኸው ሕመም ያለበት ወንድ ልጅ ደግሞ ብልቱ ትክክል መስሎ ስለሚወለድ ማንም ሳይጠረጥር ይሞታል፤ ሞቱም ለኢንፌክሽን ይሰጣል። የክሮሞሶምና የሆርሞን ምርመራ በሁሉም ሆስፒታሎቻችን አይገኝም፤ ኤሌክትሮላይትና ሃይድሮኮርቲሶን ግን ከዚያ ይቀርባሉ። ወላጆችን በተመለከተ፣ እስኪረጋገጥ ጠብቁ ማለት ነውር አይደለም። «ልጃችሁ» የሚለው ቃል ወንድም ሴትም ሳይል ያገለግላል። ለካህኑ ምን እንደሚነገር ከወላጆች ጋር አስቀድሞ መመካከር፣ አርባኛው ቀን ደርሶ በችኮላ ስም ከማውጣት ያድናል።

እስካሁን ያነሣነው በአካል የሚታይ ልዩነት ስላላቸው ሰዎች ነው። በአካላቸው ምንም የተለየ ነገር ሳይገኝ የጾታ ማንነታቸው ከተመዘገበው ጾታ የማይገጥም ሰዎችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ይህን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከጾታዊ ጤና ጋር በተያያዙ ሁኔታዎች ምዕራፍ አስገብቶታል። በየአገሩ ሕግና ሃይማኖት በዚህ ላይ የሚሉት የተለያየ ነው። ለሐኪም ግን ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ጭንቀት የምርመራው አካል ነው።

አንድ ምልክት ብቻ ይዞ የመፍረድ ልማድ ከሆስፒታል ቢወጣም ከስፖርት ሜዳ አልወጣም። የኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ1968 ጀምሮ በሴት ስፖርተኞች ላይ የባርን ነጥብ ይመረምር ነበር። በ1985 በኮቤ፣ ጃፓን፣ ስፔናዊቷ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ-ፓቲኞ ምርመራውን ወደቀች። ክሮሞሶሟ ኤክስ ዋይ ነው፤ ሕዋሷ ግን ለአንድሮጅን ምላሽ አይሰጥም፤ ሞሪስ በ1953 የጻፉት ሁኔታ ነው። ተጎድቻለሁ ብላ ራሷን እንድታገልል ብትመከርም እምቢ ብላ ሮጠች፤ ምስጢሯ በጋዜጣ ወጣ፤ ውጤቶቿ ተሰረዙ፤ እጮኛዋም ተለያት። በ1988 ተመልሳ እንድትወዳደር ተፈቀደላት። በ1996 በአትላንታ ከተመረመሩት 3,387 ሴቶች 8ቱ ዋይ ክሮሞሶምን የሚያመለክት ውጤት ተገኘባቸው፤ ሁሉም እንዲወዳደሩ ተፈቀደላቸው። ኮሚቴው አጠቃላይ ምርመራውን በ1999 አቆመ።

የዓለም አትሌቲክስ በመስከረም 1 ቀን 2025 የዘረ-መል ምርመራን መልሶ አመጣ። በሴቶች ምድብ በዓለም የደረጃ ውድድሮች የሚሳተፉ ሁሉ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ኤስ-አር-ዋይ ለተባለው ዘረ-መል ከጉንጫቸው ወይም ከደማቸው ናሙና ይሰጣሉ። ይህን ዘረ-መል በ1990 ያገኘውን ቡድን ጥናት በግንባር ቀደምነት የጻፉት አንድሩ ሲንክሌር ደንቡ ሲወጣ በይፋ ተቃውመዋል። ዘረ-መሉ መኖሩን እንጂ ሥራውን መሥራቱን፣ ቆለጥ መፈጠሩን፣ ሆርሞን መመንጨቱን፣ ሕዋስም መቀበሉን ምርመራው አይናገርም ሲሉ ጻፉ። ናሙናውን የማስወሰዱ ኃላፊነት የየአገሩ ፌዴሬሽን ነው። ስለዚህ ከገጠር መጥታ ለውድድር የምትዘጋጅ የ18 ዓመት ኢትዮጵያዊት ሯጭ ውጤቷን የምትሰማው ከአገሯ ሐኪም አፍ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ስለ ራሷ አካል የመጀመሪያው ወሬ ይኸው ይሆናል።